ለገሰ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ

ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ዘፈን ይሰማል ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ ዛሬ ትንሽ ላስቀይማችሁ ነው። አይሰማም። እርግጥ ድምፁን ይሰማል፤ ከበሮው የት ጋ እንደዘገየ፣ ኦርጋኑ የት ጋ እንደሳተ፣ ዘፋኙ ከፍ ሲል ጉሮሮው እንዴት እንደከዳው ከእናንተ ቀድሞ ይሰማል። ግን እስቲ ዕድሜ ልኩን ያጀበውን አንድ ዘፈን አንሡና "ግጥሙ ምን ይላል?" ብላችሁ ጠይቁት። ጣሪያ ጣሪያውን ያይና "ባቲ ነው" ይላችኋል። ባቲ የቅኝቱ ስም ነው። እናንተ ስለ ሴትዮዋ ጠየቃችሁት፣ እሱ ስለ ቤቷ ቆርቆሮ ነገራችሁ።

የኛ አገር አድማጭ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። መሰንቆ ገና ሲከረከር አንገቱን ሰገግ አድርጎ የሚጠብቀው ቃል ነው። ቃል ካልመጣ፣ ለእሱ ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። ልቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ አልቅሶ ሲመለስ ሚስቱን የሚጠይቃት "አልቃሿ ምን አለች?" ብሎ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ተጫዋቹና አድማጩ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ የሚጠብቀውን ሌላው ጭራሽ አይሰማውም። እስካሁን አለመደባደባችን ይገርመኛል።

እኔ ባስ ጊታር መቺ ነበርኩ። ባስ መቺ በዚህ ሐሜት ውስጥ አይገባም። ምክንያቱም ሥራው ጥቂት ነው፤ ሁለት ሦስት ክር እየነካካ ሲቆም ጊዜ ይተርፈዋል፤ በተረፈው ጊዜ ግጥም ይሰማል። ሰው ባሱን ልብ የሚለው ሲቋረጥ ብቻ ስለሆነ የሚያስቸግረውም የለም። ይህን ወግ ልነግራችሁ የቻልኩት እንግዲህ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ነው።

የወጉ ባለቤት ለገሰ ነው። ለገሰ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፈንጠር ብሎ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ክፍል መካኒክ ነበር፤ እኔ የመጋዘን ሠራተኛ። መንግሥት ሲለወጥ የፋብሪካው የኪነት ቡድን ፈረሰ። የሚዘፈነው መፈክር ሄደና መሣሪያዎቹ መጋዘን ቀሩ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እኔ ዘንድ ነበር። ለገሰ ሳክስፎኑን ከአቧራው አወጣ፣ እኔ ባሱን አነሣሁ፣ ከበሮና ኦርጋን የሚሞክሩ ሁለት ልጆች ከሽመና ክፍል ተጨመሩና ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት በሠራተኛው ክበብ መጫወት ጀመርን።

የለገሰ ፍቅር ጃዝ ነው። ከየት እንዳገኛቸው የማይናገራቸው የውጭ ካሴቶች ነበሩት፤ እነሱን እየሰማ ብሎን ያጠብቃል፣ እነሱን እየሰማ ምሳውን ይበላል። ጃዝን የወደደበትም ምክንያት ቃል የሌለው መሆኑ ነው። "ግጥም ማለት እኮ ፌስታል ነው" ይለን ነበር። "ዜማውን ቤት ድረስ ይሸከምልሃል፤ ከደረሰ በኋላ ትጥለዋለህ።" ይህን ፍልስፍና ይዞ ክበቡ ውስጥ ጃዝ ነፋ። ሰዉ ቢራውን ይዞ በትዕግሥት ተቀመጠ። ረጅም ሰዓት ተጫውተን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ የመጨረሻውን ስንዘጋ አንድ ሰውዬ ከጥግ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሁን ጥሩ ይሰማል፤ ጀምሩ" አለን። ለካ ማይክሮፎን የምንሞክር መስሎት ነው።

ዘፋኝ ያስፈለገን ከዚያ በኋላ ነው። ከፈትል ክፍል ስንዱ የምትባል ልጅ መጣች። ፈትል ክፍል ማለት ከጎንህ ያለውን ሰው ለማናገር መጮኽ ያለብህ ቦታ ነው፤ ስንዱ ግን ሳትጮኽ ከማሽኑ ድምፅ በላይ መሰማት የቻለች ብቸኛዋ ሰው ነበረች። ለገሰ አንድ የራሱ ዜማ ነበረው፤ ቃል የሌለው፣ ከባቲ ተነሥቶ በጃዝ መንገድ ዞሮ ዞሮ የሚመለስ። ስንዱ ጥቂት ቅዳሜ ጸጥ ብላ ሰማችውና አንድ ቀን ሳታስፈቅድ ቃል አለበሰችው።

ጎኔ ቆመህ ሳለህ ናፍቆትህ ገደለኝ፣
ቅርብ ያለን ናፋቂ ምን መድኃኒት አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ መጥቶ ይህን ዘፈን ሳይሰማ የሚሄድ አልነበረም። ለገሰ በመጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ኋላ ግን ሰዉ ስለወደደው "ይሁን፣ ፌስታል ነው" ብሎ ተወው። ልማዳችን እንዲህ ነበር፤ ስንዱ የግጥሙን ቤት ዘፍና ዝም ስትል ለገሰ ያንኑ ቤት ብቻውን በሳክስፎን ይመልሳል። ሲመልስ ታዲያ ዜማው ጫፍ የሚወጣው "ናፍቆትህ" ላይ ስለሆነ፣ እሱ ለጫፉ እንዲመቸው ቃሉ መሀል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። "ናፍ" ይልና ሳንባውን ይሞላል፤ "ቆትህ" ብሎ ይቀጥላል። ቃል ለሚሰማ ሰው ግማሽ ናፍቆት እንደማለት ነው። ስንዱ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። እኔ በእሱ ስህተት የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። ግጥሙ ለሆነ ሰው እንደተገጠመማ ገብቶኛል፤ ግን ከቀለም ክፍል አንድ ጸጉሩን የሚያበጥር መልከ መልካም ነበር፣ እሱን ጠረጠርኩና ዐረፍኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ፣ ሰው ተቀነሰ፣ ክበቡ የጥጥ ማከማቻ ሆነ። ስንዱ ከተቀነሱት መሀል ነበረች። የጂቡቲ መንገድ ሾፌር አገባችና ከሠፈር ወጣች። ለገሰ አላገባም። ለምን እንደሆነ ስትጠይቁት ሳክስፎኑን ያሳያችኋል። እኔና እሱ በሠርግና በምርቃት እየተጠራን መጫወታችንን ቀጠልን፤ በየቦታው ያቺን ዜማ ሳይነፋ አይወጣም። ሲነፋት ግን ደስ አይለውም። "አንድ ኮርድ ጎድሎኛል" ይላል፤ አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ማለቱ ነው። ኦርጋኑን ይቀይራል፣ ኮርዱን ይገለብጣል፣ ካሴቶቹን ከልሶ ይሰማል። ስንት ዓመት ያችን ኮርድ ሲፈልግ ኖረ። ወዳጆቼ፣ ሰው የናፈቀውን ነገር ስሙን ካላወቀው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ በእጁ ካለው ዕቃ መሀል ይፈልገዋል።

ነገሩ የፈነዳው እዚያው አቃቂ፣ የአንድ የቀድሞ ባልደረባችን ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለገሰ ለእነሱ ክብር ከዜማዎቹ ሁሉ የሚወዳትን ነፋላቸው። ቃል የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ ሳክስፎን ብቻ። ግን የፈትል ክፍል ሴቶች አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዜማውን እንደሰሙ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀስ በቀስም አዳራሹ በሴት ድምፅ "ጎኔ ቆመህ ሳለህ ናፍቆትህ ገደለኝ" እያለ ሞላ። ሙሽሪት ባሏ ጎን እንደተቀመጠች፣ አጠገቧ የቆመ ሌላ ሰው የናፈቀች መሰለች። የሙሽራው ወገን እርስ በርሱ ተያየ።

አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መድረኩ ድረስ መጡ። "ምን ማለታችሁ ነው?" አሉን።

"አባቴ፣ እኛ ምንም አላልንም" አላቸው ለገሰ፤ ከልቡ ነው። "ይሄ ዜማ ብቻ ነው። ቃል የለውም።"

"እንግዲያ ይሄ ሁሉ ሴት ከየት ሰማው?" አሉት።

ሽማግሌውን በሌላ ጨዋታ አባብለን፣ ሰዉን አስጨፍረን፣ ነገሩን አለፍነው። ለገሰ ግን ምሳ ሲቀርብ የሴቶቹ ጠረጴዛ ጋ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። የፈረቃ ኃላፊ የነበረችውን አስካለን "ምንድነው እንዲህ የሚለው?" ብሎ ጠየቃት። አስካለ የምር መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየችው። ከዚያ ሁለቱን ስንኝ ልክ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ አለችለት።

"ማን ነው ጎኗ የቆመው?" አለ ለገሰ።

ሴቶቹ ሹካቸውን አስቀመጡ። "አንተ ሰውዬ" አለች አስካለ። "መድረኩ ላይ ከጎኗ የሚቆም ሌላ ማን ነበረ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ፈትል ክፍል ያውቃል፣ ሽመና ክፍል ያውቃል፣ ዘበኞቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። በየቅዳሜው በማይክሮፎን ተነግሮት ያልሰማው ባለቤቱ ብቻ ነው። ለገሰ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም ብሎ "ኮርድ አልነበረም እንግዲህ" አለኝ። ምን ትሉታላችሁ?

ከዚያ ጀምሮ ያሳዝነኝ ነበር። ሳክስፎኑን አፉ ላይ ያደርግና ሳይነፋ ጣቱን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቃሉን በሆዱ ይለዋል። ትንፋሹን እንደ አዲስ ተማረ፤ ቃሉ በሚያልቅበት ማቆም፣ "ሳለህ" ላይ ማረፍ፣ ናፍቆቱን ሳይቆርጥ ጫፍ ማውጣት። በዚያ ዕድሜው ሳንባ አይበቃውም፤ እያሳለው ይደግመዋል። "ባገኛት እኮ" ይለኛል፣ "እንደሰማሁ በትንፋሽ ብቻ እነግራት ነበር። እኔ ቃል አላውቅም።"

አገኛት። ስንዱ ባሏ ሞቶ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት፣ ገላን ከልጇ ጋር ትኖር ኖሯል። ልጅቷ ተመረቀች፤ በአስካለ በኩል እኛም ተጠራን። ድግሱ ጎረቤቱ ሁሉ ሠርጉንም ለቅሶውንም በተራ በሚያደርግበት የጋራ ቤት ውስጥ ነበር። ስንዱ ጸጉሯ ሸበቶ ጣል ጣል አድርጎበት፣ በነጠላዋ ወገቧን ታጥቃ ሰው ታስተናግዳለች። ሰላምታው እንደማንኛውም ሰው ሰላምታ ሆነ፤ "ጠፋችሁ"፣ "አንቺም ጠፋሽ"። እኔ ባሴን ከሸጥኩት ቆይቻለሁ፤ ሳህኔን ይዤ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ በልቶ ጨዋታ ሲደራ፣ ለገሰ ተነሣና ነፋ።

"ጎኔ ቆመህ ሳለህ" አለ ሳክስፎኑ፤ እዚያ ትንፋሽ ወሰደ። "ናፍቆትህ ገደለኝ።" ሙሉውን፣ ሳይቆርጥ።

ስንዱ የዳቦ ትሪ ይዛ ነበር። ቆመች። ጨዋታው እስኪያልቅ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ወደ እሱ ሄደች።

"ማን ነገረህ?" አለችው።

"ምኑን?"

"ግጥሙን ነዋ። ድሮ እዚያ ጋ አትተነፍስም ነበር።"

ለገሰ ሳክስፎኑን አቅፎ አቀረቀረ። "አልሰማሁም ነበር እኮ፣ ስንዱ" አላት።

"አውቃለሁ። ስለማትሰማ አይደል እንዴ የዘፈንኩት?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ትሰማለህ ብዬ ብጠረጥር አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር። በየቅዳሜው ናፍ ብለህ ስትቆርጠው፣ አልሰማም ማለት ነው እልና እፎይ እላለሁ። ደግሞም ይከፋኛል። ሁለቱንም።"

"አንድ ጊዜ ዝፈኚው። ዛሬ ብቻ።"

"አሁንማ ትሰማለህ" አለች። "ለሚሰማ ሰው እንዴት ብዬ?" ትሪዋን አስተካክላ ይዛ ዞረች።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን ሳክስፎኔን ወደ ሣጥኑ እመልስ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ቃሉን ተምሮ፣ እያሳለው ትንፋሹን አስተካክሎ፣ ያመጣው ነገር ይህ ብቻ ነውና። ለገሰ ግን ጀርባዋን ትንሽ አየና ሳክስፎኑን አፉ ላይ መልሶ እንደ አዲስ ጀመረ።

"ጎኔ ቆመህ ሳለህ ናፍ" አለና አቆመ። ሳንባውን ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ትንፋሽ ወሰደ። "ቆትህ ገደለኝ።"

የስንዱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ስትዞር ትስቃለች፤ ደግሞ እንባዋ ይወርዳል። ትሪውን ሴት ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችና ድሮ እንደምታደርገው ከሳክስፎኑ በስተግራ ቆመች። እሱ እየቆረጠ ነፋላት፣ እሷ ሳትቆርጥ ዘፈነች። ድምፅዋ ሳስቷል፤ ቢሆንም ከሁላችን በላይ ይሰማል። በመጨረሻ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው አንድ ቤት ጨመረች።

አትስማኝ፣ ግድ የለም፣ አንተ ብቻ ንፋ፣
ሆዴን የሚያውቅልኝ ትንፋሽህ አይጥፋ።

ለገሰ ይህንንም መለሰላት፤ መሀሉ ላይ ቆርጦ።

ስንመለስ ባጃጅ ያዝን። እሱ ሳክስፎኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ያያል፤ ገና ያላለቁ ፎቆች ያልፋሉ፣ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን የጫነ አውቶቡስ ያልፈናል። እኔ አላስቻለኝም።

"መጨረሻ ላይ የጨመረችውን ሰማኸው?" አልኩት።

ለገሰ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። አቧራ ነበረ፣ ልዋሽ አልፈልግም። ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን አየና፣

"ባቲ ነው" አለኝ።