የሚደበቅ ድስት የለም

ጉለሌ ውስጥ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል በሚገኝ አንድ የቀበሌ ግቢ፣ አራት ቤተሰብ የሚጋራው ማድ ቤት የተሻሻለበት ቀን በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አልሰፈረም። ይህ በእውነቱ በደል ነው። የሰው ልጅ እሳት ማንደድ ከጀመረ ወዲህ ያን ያህል የተጠና ምድጃ አልተሠራምና።

ነገሩን የወጠነው ጓድ ዓምሃ ነው። ጓድ ዓምሃ የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በዚያ ላይ ደግሞ የወይዘሮ ወለተማርያም የልጅ ልጅ የብርቅነሽ ባል ሲሆን፣ ለትምህርት ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ ይዞ የመጣው አንድ ካፖርትና አንድ ሐሳብ ነበር። ካፖርቱ ለጉለሌ ብርድ ጥሩ ሆነ።

«እዚያ አገር በማዕድ ቤቱ መሃል ዙሪያው ክፍት የሆነ መሥሪያ ይቆማል፤ ደሴት ይሉታል» ሲል ለስብሰባው አስረዳ። «የእኛ እናቶች ግን እስከ ዛሬ ምድጃቸውን ግድግዳ አስጠግተው፣ ለጎረቤታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ድስታቸውን በነጠላ ጋርደው ነው የሚሠሩት። ይህ ምንድን ነው? ይህ የጭቆናው ዘመን ርዝራዥ ነው!»

ተጨበጨበ። ወይዘሮ ወለተማርያምም አጨበጨቡ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን ማሳረፍ ያስፈራቸዋል። ልባቸው ግን ብርቅነሽ ሆድ ላይ ነበር። ልጅቷ መውለጃዋ ገብቷል። እሳቸው ባደጉበት ደንብ የአራስ ገንፎ ሲገነፋ የሰው ዓይን አያርፍበትም፤ ካረፈበት የእናቲቱ ጡት ይነጥፋል፣ ሕፃኑም ሲነፋረቅ ይከርማል። አሁን እንግዲህ ድስቱ መሃል ሜዳ ሊወጣ ነው።

«ልጄ» አሉ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው፣ «ደሴት ማለት ውሃ የከበበው አይደለም እንዴ? እኛ እኮ የቦኖው ውሃ እንኳ ሲፈልግ ነው የሚመጣልን።»

«እማማ፣ ከአጀንዳው አንውጣ።»

«እሺ። አንዲት ጥግ ብቻ ቢተውልንስ?»

«ክብ ነው እማማ። ሆን ተብሎ ነው ክብ የተደረገው። ጥግ ከሌለው መደበቂያ የለውም።»

«ጭሱስ? አንዱ ሕፃን ሮጦ ቢደገፈውስ? በዚህ በኩል ደግሞ ዝናብ…»

«ተጠንቷል።»

በእርግጥም ተጠንቶ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ ወልዱ ወለሉ ላይ በኖራ ትልቅ ክብ አሰመረ። የግቢው ሴቶች ማማሰያቸውን ይዘው እንዲመጡ ተጠሩና ክቡን ከበው ቆሙ፤ ድስት ሳይኖር፣ እሳት ሳይኖር፣ እየተያዩ እንዲያማስሉ ተደረገ። ጓድ ዓምሃ ዙሪያቸውን እየተንጎራደደ የክርናቸውን ስፋት ለካ።

«አልከበዳችሁም አይደል?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ ምን ይከብደናል» አለች የባለሱቁ የሸፊ ሚስት ጀዊሪያ፣ «ባዶውን ማማሰል እንደሆነ ከለመድን ቆየን።»

ወልዱ ይህንን ቃለ ጉባኤ ላይ «ተጠቃሚዎች ድጋፋቸውን ገልጸዋል» ብሎ አሰፈረው።

የግድግዳው ምድጃዎች ፈረሱ። በየመኝታ ቤቱ ከሰል ማያያዝም ተከለከለ። ደሴቱ በብሎኬትና በሲሚንቶ ተሠርቶ ቆመ። ጭሱ መውጫ ስላልነበረው በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ማንንም ማየት አልቻለም፤ ሴቶቹም በዚያ ሳምንት እጅግ ረክተው ነበር። ጓድ ዓምሃ ግን ችግሩ እንዲፈታ መመሪያ ሰጠና ቆርቆሮው ተበሳ። ጭሱ ወጣ፣ ዓይን ገባ። በደሴቱ አናት ላይም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ ጨርቅ ተወጠረ፤ «በማዕድ ቤታችን የሚደበቅ ድስት የለም!» ይላል።

ብርቅነሽ አንድ ረፋድ ላይ በሰላም ተገላገለች። እልልታው ሳያባራ ወይዘሮ ወለተማርያም ድስታቸውን በነጠላቸው አፍነው ወደ ማድ ቤት ገሰገሱ። ሴቶቹ ደሴቱን ከበው ወጣቸውን ያማስላሉ። አሮጊቷ አንዴ ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ጥግ ፈለጉ፣ ከለላ ፈለጉ፣ ምሰሶ እንኳ ፈለጉ። የለም። ጥናቱ እንከን አልነበረውም። ድስቱን እንዳቀፉ እንባቸው መጣ።

ጓድ ዓምሃ ካፖርቱን ባንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ እየሮጠ ገባ።

«እማማ፣ ምን ቆመዋል? ልጅቷ እኮ ራባት!»

«የት ልጣደው ልጄ?»

«ደሴቱ ላይ ነዋ! ይኸው እዚህ…» ብሎ ቀና ሲል የግቢው ሴቶች ዓይን ሁሉ ድስቱ ላይ ነው። ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ አለ። «እ… ማለቴ… እንዲህ ሰው እያየው ነው እንዴ የሚገነፋው?»

«ተጠንቷል አላልከኝም?»

«ሲጠና እኮ አባት አልነበርኩም!»

ይህን ብሎ በድስቶቹ መካከል ደሴቱ ላይ ዘሎ ወጣ። ቀዩን ጨርቅ ከነሚስማሩ ነቅሎ ወረደና፣ የመቅደስ መጋረጃ እንደያዘ ዲያቆን እጆቹን ዘርግቶ አሮጊቷንም ድስቱንም ጋረደ።

«ራቅ አድርገው!» ጮኹ ወይዘሮ ወለተማርያም ከውስጥ። «እሳት ሊይዘው ነው! ኋላ መፈክር አቃጠለች ተብዬ በስተርጅና ልታሰር?»

«ግድ የለም፣ ብቻ ያማስሉ!»

ከጨርቁ በስተውጭ ለቆመ ሰው ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ «በማዕድ ቤታችን የሚደበቅ ድስት የለም!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለች ጀዊሪያ የድስቷን ክዳን በእጇ እንደተጫነች። «ለእኔስ ወጥ መፈክር አይገባውም?»

ኮሚቴው በዚያው ሰሞን ለበላይ አካል ሪፖርት አቀረበ፤ «የእናቶች ንቃት ከፍ በማለቱ እያንዳንዷ የየራሷን መፈክር ጠይቃለች። ስለሆነም ተጨማሪ ቀይ ጨርቅ ይፈቀድልን።» ተፈቀደ። ደሴቱ በአራት መፈክር ተከፋፈለ፤ ወይዘሮ ወለተማርያምም ጥግ አገኙ።

ውጤቱን ለማየት ከበላይ አካል አንድ ትልቅ ጓድ መጡ። መፈክሮቹን አንድ በአንድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ የማዕድ ቤቱን ግልጽነት አደነቁ፣ ተጨበጨበላቸው። ሊወጡ ሲሉ ጓድ ዓምሃን በክርኑ ይዘው ወደ በሩ ጠጋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስማ፣ ከዚህ ጨርቅ ቁራጭ አይተርፋችሁም?» አሉት። «የእኔም ባለቤት መውለጃዋ ገብቷል።»