አርባ ዞምቢ በአንድ አጥር ላይ

ከጎረቤት ዞምቢ ይሻላል። አዎ፣ ብያለሁ! «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብሎ የተረተው ሰው ጎረቤት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ዞምቢ ምን ያደርጋል? ይነክሳል፤ በቃ። ነክሶህ ሲያበቃ «ድንበሬን ገፋኸኝ» ብሎ ሽማግሌ አይልክብህም። ጎረቤት ግን... ተዉኝ እስቲ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዞምቢ ማለት ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ተቀብሮ ሲያበቃ ተነሥቶ የሚዞር ሰው ነው። እኔም አላውቅም ነበር። የነገረችኝ ልጄ ሰናይት ናት። ወልድያ ሒሳብ ታስተምራለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። እሑድ እሑድ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ጠረጴዛ ከበው፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ ወታደሮች ደርድረው፣ ዞምቢ ሲዋጉ ይውላሉ። ሰው ልጁን አስተምሮ ለዚህ ያበቃል።

እኔን እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባኝ እግሬ ነው። ግንበኛ ነኝ። ውርጌሳ ከተማ ላይ አንድ ፎቅ ስገነባ መሰላሉ ከዳኝና ቁልቁል መጣሁ። ሐኪሞቹ እግሬን ጀሶ አልብሰው «ሦስት ወር ቤትህ ተቀመጥ» አሉኝ። ሰናይት ሐሳብ ገባት። ያሳሰባት እግሬ እንዳይመስላችሁ፤ አፌ ነው። ሦስት ወር ቤት ከዋልኩ ሦስት ወር ሙሉ ከጎረቤቴ ከሉባባ ጋር ስነታረክ እንደምከርም ታውቃለች።

«አባዬ፣ እጅህ ሥራ ይያዝ» አለችኝ። «ለጨዋታችን ከተማ ሥራልን። ከተማችንን መርሳን ራሷን! ዞምቢ የወረራት መርሳ።»

«ማን የወረራት?»

«ዞምቢ።»

«መርሳ ስንቱን ችላለች» አልኩና ተቀበልኩ።

አሁን ሉባባን ላስተዋውቃችሁ። አስፋልቱ ዳር ፍራፍሬ ትሸጣለች። በእኔና በእሷ ግቢ መሃል አጥር አለ። አጥሩ ሥር፣ በእኔ በኩል፣ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። የተከለችው ባለቤቴ ባንቻየሁ ናት፤ ነፍሷን ይማር። ባንቻየሁ ሳለች ጠብ የሚባል አናውቅም ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ላይ ጨውና ሐሜት ሲቀባበሉ ነው የኖሩት። ባንቻየሁ ካረፈች ወዲህ ግን ሉባባ አንድ ነገር ያዘች። «ዛፉ የቆመው በእኔ መሬት ላይ ነው። ቆርጬ የፍራፍሬ ማስቀመጫ ክፍል እሠራበታለሁ!» ስምንት ዓመት ሙሉ! ከባንቻየሁ የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሰናይትና ያ ዛፍ። ሰናይት ወልድያ ናት። ዛፉ ግን አልሄደም።

«ግቢዬ ጠበበኝ» ትላለች ሉባባ በአጥሩ ላይ።

«ግቢሽ አልጠበበም፤ አንቺ ነሽ የወፈርሽ» እላታለሁ።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦብናል። ወረቀታችን ለሁለታችንም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሜትር ወርድ ነው የሚለው። አጥሩን የገነባሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሰናይት ገና ስትድህ። ሃያ አራት ክንድ ለክቼ ነው። ሁለት ክንድ አንድ ሜትር፣ ሃያ አራት ክንድ አሥራ ሁለት ሜትር... ይሄ ምን ያከራክራል? ሉባባ «ይለካልኝ» ስትል «የግንበኛ ቃል ይለካል?!» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ አፍረው ተዉት። አባቴ «አስማማው» ብሎ ስም ሲያወጣልኝ ምን አስቦ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከተማዋን ለመሥራት መጀመሪያ ከተማዋን መለካት ነበረብኝ። አንዱ ሜትር አንድ ሴንቲ እንዲሆን። ክራንቼንና ሜትሬን ይዤ ብቅ አልኩ። እናንተዬ... ሜትር የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ የሚገባችሁ ሜትር ስትይዙ ነው! ቆርቆሮውን ወደ አስፋልቱ ያስረዘመው ባለሱቅ ሮጦ መጣ።

«አያ አስማማው፣ መንገዱን ሊያሰፉት ነው እንዴ?»

«አይደለም። ለዞምቢ ነው።»

«ዞምቢ... አዲስ የመጣ ድርጅት ነው?»

«የሞቱ ሰዎች ናቸው። ከተማውን ሊወሩት ነው።»

ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካሳ ይከፍላሉ?» አለኝ።

አንድ ወር ተኩል ፈጀሁ። ቤቱን ከካርቶን፣ ጣሪያውን ከዘይት ጣሳ፣ ባጃጁን ከክብሪት ቀፎ። ታፔላዎቹን አንድ በአንድ በስክሪፕቶ ጻፍኳቸው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ባንቻየሁ እንኳ ቀድማኝ ነበር። ያኔ እኛ ቤት ማንበብ የማንችል እኔና ድመቷ ብቻ ነበርን። ንባብ የለመድኩት ከመርሳ ታፔላ ላይ ስለሆነ አንዱም ከአእምሮዬ አይጠፋም። የማንጎውን ዛፍ ከራሱ ከማንጎው ጭራሮ ሠራሁት።

ወታደሮቹን ሰናይት ሰጠችኝ። ዞምቢዎቹን ግን እኔው ነኝ በሽቦና በጀሶ የሠራኋቸው። ምስጢሩን ልንገራችሁ፤ ዞምቢ መሥራት ሰው ከመሥራት ይቀላል። ሰው ለመሥራት ትነሣለህ፤ ሲበላሽብህ ዞምቢ ይሆናል። አርባ አበላሸሁ። አረማመዳቸውን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከሚገባ ሰው ወሰድኩት።

ቅዳሜ ለት የመጨረሻውን ጉራንጉር፣ የራሴን ሰፈር፣ መግጠም ጀመርኩ። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ እስከ ቅያሱ ሃያ አራት ሜትር ነው፤ በውስጡ የሉባባና የእኔ ግቢ ብቻ ነው ያለው። የእኔን፣ ቁጥሩን ልብ ሳልል፣ እንደለካሁት አስቀመጥኩት። የሉባባን ግቢዋ ገብቼ ስላልለካሁ በወረቀቱ አሥራ ሁለት ቆረጥኩት፤ አልገባ አለ።

ገፋሁት። እምቢ አለ።

በክራንቼ ወጥቼ ግቢዬን እንደገና ለካሁ። አሥራ ሦስት ሜትር ተኩል። ሜትሩን ገልብጬ ለካሁ። አሥራ ሦስት ተኩል። «ይሄ ሜትር አርጅቷል» ብዬ ሌላ ተዋስኩ፤ ሁለቱ ተመካክረዋል መሰለኝ፣ እሱም አሥራ ሦስት ተኩል! ዛፉስ? ከትርፉ ሜትር ተኩል መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ከመሰላል ስወድቅ እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም።

«ታዲያ የራስህን ካርቶን አሥራ ሁለት አድርገህ አትቆርጠውም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ግንበኛ አፉ ይዋሻል፤ እጁ ግን የተሳሳተ ልኬት እያወቀ አይቆርጥም። ስለዚህ እውነቱን ሠራሁና... ሸፈንኩት። አርባውን ዞምቢ ሰብስቤ፣ ዛፉን ከብበው በአጥሩ ላይ እንዲረባረቡ አድርጌ ከመርኳቸው። ሬሳ የተከመረበትን ማን ጠጋ ብሎ ይለካል?

እሑድ ሰናይትና ሁለት ባልደረቦቿ ከወልድያ መጡ። የእሑድ ነገር ደግሞ ታውቃላችሁ፤ በሽተኛ ጠያቂ የሚመጣውም እሑድ ነው። እነዚያ ሁለት ጊዜ የተቀመጡብን ሽማግሌዎች፣ ቄስ ገብሬና ሼህ ይማም፣ ተያይዘው ገቡ። ከኋላቸው ማን ብትገባ ጥሩ ነው? ሉባባ! አምስት ማንጎ በፌስታል አንጠልጥላ። ጠብ ጠብ ነው፤ ጥየቃ ጥየቃ ነው።

«አላህ ያሽርህ» አለችኝ ግድግዳውን እያየች።

«አሜን» አልኳት ጣሪያውን እያየሁ።

ሽማግሌዎቹ ከተማዋን ሲያዩ እኔን መጠየቁን ረሱት። ቄስ ገብሬ አንዱን ዞምቢ አጎንብሰው መረመሩት።

«እነዚህ ፍትሐት ተደርጎላቸዋል?»

«ሳይደረግላቸው አይቀርም፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ጎድሎባቸው ተነሡ?»

ሼህ ይማም ጣልቃ ገቡ፦ «ለመሆኑ ከየትኛው መቃብር የወጡ ናቸው? ከእነሱ ነው ከእኛ?»

ይሄ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። «ተቀላቅለው ነው» አልኩ።

«አብሽር! እንግዲያውስ ወሎዬዎች ናቸዋ» አሉና ወንበር ሳቡ።

ጨዋታው ተጀመረ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰዎች ተከበዋል፤ ወታደሮቹ ከአስፋልቱ ተነሥተው ሊያድኗቸው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ እርምጃ በማስመሪያ ይለካል። ማስመሪያ መኖሩን ቀድሞ የነገረኝ የለም! ሰናይት እየለካች፣ እየለካች... የእኛ አጥር ጋ ደረሰችና ቆመች።

«አባዬ፣ ሁሉም ለምን እዚህ ተከመሩ?»

«ማንጎው ሸቷቸው ነው።»

«ዞምቢ የሚበላው ሥጋ ነው እኮ።»

«ጾም ነው።»

ቄስ ገብሬ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ተረፍኩ ብዬ ነበር... ሉባባ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ከመርሳ ሁሉ የእኔን አጥር ምነው መረጡት?»

ሼህ ይማም እጃቸውን ሰደዱና አንዱን ዞምቢ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን አስከተሉ። ሦስተኛውን...

«ሼህ፣ ጨዋታው ይበላሻል!»

«አንተ ዝም በል፤ በሽተኛ ነህ።»

አርባውም ተነሡ። አጥሩ ራቁቱን ቀረ።

«ሰናይት፣ የእኔ ልጅ» አለች ሉባባ፤ በአንቀልባ አዝላ ያሳደገቻት ናት። «እስቲ ያቺን ማስመሪያሽን የእኔ ግቢ ላይ አሳርፊያት።»

«እሺ እትዬ። የእርስዎ... አሥር ተኩል።»

«የእሱስ?»

ሰናይት ለካች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጀሶዬን አየሁ።

«አሥራ ሦስት ተኩል።»

ሒሳብ አስተማሪ አትውለዱ።

አርባ ዞምቢ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኛል።

«ወፍረሽ ነው አላልከኝም?» አለች ሉባባ።

«ይሄ ካርቶን ነው! ጨዋታ ነው!»

«ካርቶን ከሆነ ለምን ሸፈንከው?» አሉ ቄስ ገብሬ።

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ያለኝ አንድ መሐላ ብቻ ነበር። «በታቦቱ እላችኋለሁ፣ አውቄ አልገፋሁም! ያኔ የሜትር ቁጥር ማንበብ አልችልም ነበር፤ በክንዴ ነው የለካሁት። ሃያ አራት ክንድ፤ አንድም አልጨመርኩ!»

ሼህ ይማም «እጅህን ዘርጋ» አሉኝ።

ዘረጋሁ። ሰናይት ማስመሪያዋን ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ሁለቴ አስቀመጠችው። «ሃምሳ ስድስት ከሩብ» አለች። ከንፈሯን ትንሽ አነቃነቀችና ፊቷ በራ። «በሃያ አራት ሲባዛ... አሥራ ሦስት ሜትር ተኩል! ልክ ነው! አባዬ፣ አልሰረቅክም እኮ!»

«የለም፣ እጁ ረጅም ነው እንጂ» አለች ሉባባ።

እጀ ረጅም ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ቄሱም ሼሁም ሳቃቸውን በነጠላና በሻሽ ሸፈኑ። እኔ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ፊደል እስክቆጥር ድረስ ከግራና ከተማ እስከ ወልድያ የገነባሁት ግንብ ሁሉ... በዚሁ ክንድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያልተዋዋልኩትን ግድግዳ ስገነባ ኖሬያለሁ! አንድም ባለቤት «ትርፍ ነው» ብሎ አልመለሰልኝም።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። አጥሩ ይፈርሳል፤ ሜትር ተኩል ወደ እኔ ይገባል። ዛፉ ከነመሬቱ የሉባባ።

«እንግዲህ ትቆርጪዋለሽ» አልኳት።

ሉባባ የጭራሮውን ማንጎ በጣቷ ነካ አደረገችው። «ባንቻየሁ ስትተክለው ችግኙን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። አንተ ያኔ ቆቦ ግንብ ላይ ነበርክ።» ፌስታሏን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተች። «ያጣሁት ቦታ ነው። ሜትር ተኩል ካገኘሁ ክፍሉን ከወፍጮው በኩል አስጠግቼ እሠራለሁ። ዛፍ ምን በወጣው? አጥሩን ግን የምትገነባው አንተ ነህ። በሜትር!»

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሰናይት ወደ ጨዋታዋ ዞረች። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የተከበቡት ስድስቱ ሰዎች አልቀዋል። ሼህ ይማም አርባውን ዞምቢ ያስቀመጡት እነሱ አናት ላይ ነበራ! በሽምግልና መሃል የሚያልቅ ሰው አይጠፋም።

ጀሶው እንደተፈታልኝ አጥሩን አፍርሼ ገነባሁት። የሜትሩን ጫፍ ይዛ የቆመችው ሉባባ ናት፤ በየድንጋዩ «ስንት አለ?» ትለኛለች፤ በየድንጋዩ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የካርቶኗ ከተማ አሁን ወልድያ ናት። በጨዋታው ዞምቢዎቹ የሚሰፍሩት እኔ ግቢ ውስጥ ነው፤ ያን ለት ሽማግሌዎቹ ይሄንንም ፈርደዋል፣ ሰናይትም አክብራዋለች።

ማንጎው በሰለ። ቅጠሉ የሚረግፈው እኔ ግቢ ነው፤ የምጠርገው እኔ ነኝ። ፍሬውን ሉባባ በአጥሩ ላይ ትወረውርልኛለች። ሰላምታ የለ፣ «ያዝ» ማለት የለ፤ ባለፈው አንዱ አናቴን ብሎኛል።

አሁንም ምረጥ ብትሉኝ ከጎረቤት ዞምቢ እመርጣለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ዞምቢ ግን ማንጎ አይወረውርም።