«ይቅደሙ» በጎማ ጀልባ ላይ

ጨዋነት ባሕር ላይ በሕግ መከልከል አለበት! አዎ፣ ብያለሁ። እናንተ እዚያ ባቡር ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታነቡኝ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» ትሉ ይሆናል... የነካኝ የሕንድ ውቅያኖስ ነው!

እጮኛዬን ሰላምን ለማግባት አባቷን ጋሽ ታደሰን ማስፈቀድ ነበረብኝ። «ሽማግሌ ልላክ?» ብላቸው «ቆይ፤ ሰው የሚታወቀው አብረው መንገድ ሲሄዱ ነው» አሉ። እኔ እኮ መንገድ ሲሉ እዚሁ ለንደን ውስጥ ከኤድመንተን ዌምብሊ መስሎኝ! ለካ ሰላም የኬንያን ጠረፍ በባለ ሸራ ጀልባ የምንዞርበት ሆሊደይ ቡክ አድርጋለች። ዋና የማልችለው ሰውዬ ባሕር ላይ ልፈተን! ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትሉም?

ጀልባው ላይ እንኳ ደህና ነበርን። ጋሽ ታደሰ ከነከረባታቸው ተቀምጠው ለሚያልፈው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። እኔም ፈተና ላይ ነኝና አብሬ እጎነበሳለሁ።

መከራው የመጣው ለምሳ ስንወርድ ነው። ትልቁ ጀልባ እስከ ዳር ስለማይጠጋ በትንሽ የጎማ ጀልባ ነው የሚወረደው። ቀዛፊያችን ጁማ «ማዕበሉ ሲመለስ አንድ በአንድ፣ ፈጠን ብላችሁ ዝለሉ» አለን። ሰላም ዘለለች። እኔ ተነሣሁና «ይቅደሙ ጋሼ» አልኩ።

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«እርስዎ እያሉ? በፍጹም!»

«እኔ ልሙት ቅደም!»

«ሞትዎን ለጠላትዎ! ይቅደሙ!»

ማዕበል ደግሞ ይሉኝታ የለው... መጣና ወደ ኋላ ወሰደን። ጁማ ምስኪኑ ቀዝፎ መለሰን። አሸዋውን ስንነካ እንደገና ተነሣን።

«በማርያም ቅደም!»

«በገብርኤል ይዤዎታለሁ!»

ደግሞ ተወሰድን! ሰላም ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣዋን እየበላች «ዳድ፣ ካም ኦን!» ትላለች።

«ምን አጣላችሁ?» አለ ጁማ።

«አልተጣላንም፤ እየተከባበርን ነው» አልኩት። መቅዘፊያውን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ «በቃ፣ እኩል እንውጣ!» አሉ። ተቃቅፈን በአንድ በኩል ቆምን። ጎማ ጀልባ ግን እኩልነት አይወድም ለካ... ግልብጥ! «ወይኔ እናቴ፣ አለቅሁ!» እያልኩ የአማቴን አንገት አንቄ ያዝኩ። በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ውኃው ከጉልበት አያልፍም! ጋሽ ታደሰ ከረባታቸውን እየጨመቁ አዩኝ። በቃ፣ ሚስቴን ውኃ በላት አልኩ።

«በል ሽማግሌህን ላክ» አሉኝ።

«አቤት?»

«ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ያልቀደመኝ ሰው ልጄን አያንገላታትም። አንድ ነገር ብቻ... የሰርጉ አዳራሽ ሁለት በር ይኑረው። አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለእኔ።»

ሰላም ከዳር ራሷን ይዛ ጮኸች።

«አባዬ! ሁለት በር ካለውማ ‹በትልቁ አንተ ግባ፣ በትልቁ እርስዎ ይግቡ› ልትባባሉ ነው!»

እኔና ጋሼ ተያየን። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሰርጋችን በር የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በለንደን ዝናብ ሆኗል። ዣንጥላ ይዛችሁ ኑ!