በታኅሣሥ የተለኮሰው ደመራ

በዓል እወዳለሁ፤ ሲበዛ ግን ግራ ይገባኛል። እስቲ ፍረዱኝ፤ በአንድ የጉለሌ ሠፈር ውስጥ ጌታ በዓመት ስንት ጊዜ ይወለዳል? ጣሊያኑ አከራዬ ሙሴ ሉዊጂ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት ቀን ልደትን ያከብራል። ከወንዙ ማዶ ያለው አርመናዊ ልብስ ሰፊ በእኛ ዋዜማ ያከብራል። እኛ ደግሞ ጾማችንን ይዘን እስከ ሃያ ዘጠኝ እንጠብቃለን። የመናዊው ባለ ሱቅ ዓሊ ሦስቱንም ጊዜ ሻማ ሸጦ፣ ሦስቱንም ጊዜ "እንኳን አደረሳችሁ" ይላል። ከሁላችን የተረጋጋው እርሱ ነው።

ሙሴ ሉዊጂ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ የካሚዮን መካኒክ ነው። (በሠፈራችን ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ይባላል።) እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር በግቢው ጥግ ያለችውን የሣር ክዳን ክፍል ተከራይቼ፣ ከመጻሕፍቴ ጋር ተጣብቤ እኖራለሁ። ከጭራሮው አጥር ማዶ ደግሞ አርበኛው ባላምባራስ ደስታ አሉ፤ ትከሻቸው ላይ የጥይት ጠባሳ አለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ አንዲት ሰላምታ ተለዋውጠው አያውቁም። ሙሴ በጦርነቱ ጊዜ ወጥ ቤት እንጂ ተኳሽ እንዳልነበረ ይምላል። ባላምባራስ ይህን በሰሙ ቁጥር፣ "እዚህ የቀረ ጣሊያን ሁሉ ወጥ ቤት ነበርሁ ይላል፤ ታዲያ ያ ሁሉ ጥይት ከድስት ነው የወጣው?" ይሉ ነበር።

አምና የሙሴ እኅት ከአገሩ ባለ ቀለም አምፖሎች ላከችለት። ሙሴ ከእንጦጦ ግርጌ የተቆረጠ ጥድ ገዝቶ በግቢው መካከል አቆመና እኔን ጠራኝ። ጎረቤቱን ሁሉ እንድጋብዝለት፣ በተለይም ባላምባራስን እንዳመጣለት ለመነኝ። አርጅቻለሁ፣ ሰላም ሳልባል መሞት አልፈልግም አለኝ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? ደግሞስ ሁለት ጎረቤት ማስታረቅ ካልቻለ የቅኔና የድርሰት ትምህርት ጥቅሙ ምንድን ነው?

ሄድሁ። ባላምባራስ ጭራቸውን እያወዛወዙ አዳመጡኝ። በጌጠኛ አማርኛ አስረዳኋቸው፦ ዛፍ ይቆማል፣ ያጌጣል፣ ጎረቤት ከብቦ ይዘምራል፣ ሁሉም ለጌታ ክብር ነው።

"በጾም?" አሉ።

"በእነርሱ አቆጣጠር ጌታ የሚወለደው ያን ዕለት ነው፣ ባላምባራስ።"

"ልጄ፣ እመቤታችን ስንት ጊዜ ልታምጥ ነው?" አሉና ጥቂት አሰቡ። "ዛፍ አቁሞ መዘመሩ ግን ገባኝ። እመጣለሁ።"

ከደስታዬ ብዛት፣ ምን እንደገባቸው ሳልጠይቅ ወጣሁ። የተማረ ሰው ስሕተቱ ይህ ነው፤ ሲናገር እንጂ ሲሰማ አይጠነቀቅም።

እኔ የፈራሁት ምግቡን ነበር። ፓስታው በዘይት ብቻ እንዲሠራ አስጠነቀቅሁ፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለዘፈን ይምጡልን አልሁ፤ የአራት ገጽ ንግግርም ጻፍሁ። ዕለቱ ደረሰ፤ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አምፖሎቹ አበሩ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ! ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው፣ አንድ ችቦ በብብታቸው ይዘው ገቡ። ለመመለሻ መንገዳቸው መስሎኝ ወንበር ሰጠኋቸው። ሙሴን ግን ዘወር ብለውም አላዩትም።

ንግግሬን ጀመርሁ። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። የሙሴ ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ ሠፈሩ ሁሉ ነው። ሙሴ ሽቦውን ነካካ፣ ቆጣሪውን ደበደበ፣ በመጨረሻም አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

"እናቴ እንዲህ ታደርግልን ነበር" አለ በተሰባበረ አማርኛው።

 ከዚያ በጨለማው ውስጥ የባላምባራስ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

"አይዞህ፣ ሙሴ" አሉ። "እኔ እያለሁማ ጎረቤቴ በዓሉን በጨለማ አያሳልፍም!"

ክብሪት ተጫረ፤ ችቦው ነደደ። ባላምባራስ ዛፉን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሸማኔዎቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸውና የመስቀል ዘፈናቸውን እያወረዱ ተከተሏቸው፤ እልልታው ቀለጠ። እኔ "አይ... ማለቴ... ባላምባራስ..." ስል፣ እርሳቸው ችቦውን ከደረቁ ጥድ ሥር ሰካ አደረጉት።

ዛፉ ቦግ አለ! አምፖሎቹ በየተራ ይፈነዱ ጀመር፤ ጧ! ጧ! ጧ! ሙሴ ሉዊጂ በደረቱ ተኝቶ ጭንቅላቱን ጎማው ውስጥ ቀበረ። ባላምባራስ ቆመው አስተዋሉት፤ ፊታቸውም ቀስ በቀስ ፈካ።

"ለካ እውነቱን ነው!" አሉ። "ይሄ ሰውዬ እውነትም ወጥ ቤት ነበር!"

ክንዱን ይዘው አነሡት፤ አቧራውን አራገፉለት። ሙሴ ወደ እሳቱ እያየ "ዛፌ!" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበለው? "በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ ዛፍ እሳት ከለኮሰለት፣ ከዚያ የሚበልጥ ክብር የለም" አልሁት። ሙሴ አለቀሰና ባላምባራስን አቀፋቸው። ዛፉም ወደ አጥሩ ወድቆ ሁለት ክንድ ያህል ጭራሮ በላ። ደመራ በወደቀበት በኩል በረከት አለ ተባለ። እስከ ዛሬ የባላምባራስ ዶሮዎች በዚያ ቀዳዳ እየገቡ የሙሴን ሰላጣ ይለቅማሉ፤ ሙሴም በዚያው ቀዳዳ እየወጣ ባላምባራስ ዘንድ ጠላ ይጠጣል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኛ ግቢ ግን እያደር ጨለመ። ለሙሴ ያ ክብር የእኔ ፈጠራ መሆኑን ብነግረው ዕርቁ ይፈርሳል። ለባላምባራስ በእነሙሴ አገር ዛፉ እንደማይቃጠል ብነግራቸው በኀፍረት ይሞታሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሁ፤ ይኸው ታኅሣሥም ተመልሶ መጣ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ተያይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። የአምናው በረከት ለባላምባራስ ቤት ስለ ደረሰ፣ የዘንድሮው ላስታረቃቸው ሰው እንዲሆን ተማክረዋል። ይህ አብረው የወሰኑት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል? መርቀውኝ ሄዱ። ጥዱ ከአምናው እጥፍ ይረዝማል፤ ወደ እኔ ክፍል ዘንበል አድርገው አቁመውታል።

እኔም ንግግር መጻፌን ትቼ፣ መጻሕፍቴን ወደ ዓሊ ሱቅ እያጋዝሁ ነው።