ክቡር ተቆጣጣሪ የባሕር ዳርቻ ቤት ሲከራዩ

በየቤተሰቡ አንድ የማይታለል ሰው አይጠፋም። ሌላው ዘመድ አዝማድ ሲታለል፣ ሲማር፣ እንደገና ሲታለል ዕድሜውን ይገፋል፤ ይህ ሰው ግን ዳር ቆሞ "ብያችሁ ነበር" ይላል። "እንደምን አደርክ" ሲሉት "ምን ፈልገህ ነው?" የሚል ዓይነት ነው። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ለሌላ ሐኪም ያሳያል፣ የሌላውን ደግሞ ለፋርማሲስቷ፤ በመጨረሻ አንዱንም ሳይውጥ ይድናል።

በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ይህ ሹመት የባሏ ነበር። ሰውዬው የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሰፈሩ "ክቡር ተቆጣጣሪ" ይላቸዋል፤ ሚስታቸው "አንተ ሰው" ትላቸዋለች። ትኬት እንዳይጠየቅ አንገቱን ደፍቶ የሚያንኮራፋ ተሳፋሪ ሲያጋጥማቸው አይቀሰቅሱትም። አጠገቡ ቆመው "የማን ቦርሳ ነው የወደቀው?" ይላሉ፤ ሰውዬው ብድግ!

ዘንድሮ ነገሩ የመጣው በልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት በኩል ነው። እህትየው የምትኖረው ሩቅ አገር ነው፤ ከታናሿ ሠርግ ወዲህ በስልክ ካልሆነ ተያይተው አያውቁም። ከአሠሪዋ በስንት ልመና የአንድ ሳምንት ፈቃድ ስታገኝ፣ ለሁለቱም በሚቀርብ በሌላ አገር፣ በባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይተው ሊገናኙ ተስማሙ። ያ ሳምንት ካለፈ አለፈ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከደስታ ብዛት የአንዲት ደንበኛዋን እጅጌ ገልብጣ ሰፋች።

"ቤቱን ለእኔ ተዪው" አሉ ክቡር ተቆጣጣሪ።

ተወችላቸው። አፏን የዘጋው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

የመጀመሪያው ቤት በአንድ የቤት ኪራይ ድረ ገጽ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ልቧ ዘለለ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ሶፋ፣ መስኮቱን የሞላ ባሕር፣ ሶፋው ላይ የተጋደመች ድመት። ኪራዩም በነጻ ከመስጠት በምን ተለየ!

"በል ያዘው እንጂ!"

"ነገሩ ጥሩ ነው" አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። "ችግሩ ጥሩ መሆኑ ነው።"

ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉት ያው ሶፋ ከነድመቷ በሌላ አገር ተራራ አናት ላይ ተገኘ። ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ ሐይቅ ዳር።

"ይቺ ድመት ካንቺና ከእኔ ይልቅ አገር አይታለች።"

የሁለተኛው ቤት አከራይ ቸኩሏል። "ሦስት ሰዎች ወረፋ ይዘዋል፤ በድረ ገጹ ከምትከፍሉ ዛሬውኑ በቀጥታ ለእኔ ላኩ፣ ቅናሽም አለው" ብሎ ጻፈ። ክቡር ተቆጣጣሪም መለሱለት፦ "እንኳን ደስ ያለህ፤ ለሦስቱ አከራያቸው።"

ሦስተኛው መርከብ ላይ የሚሠራ ሐኪም ነኝ አለ፤ ክፍያው ሲደርሰው ቁልፉን በፖስታ ሊልክ ነው። ቤቱን በቪዲዮ አሳየኝ ሲሉት ካሜራዬ ተበላሽቷል አላቸው።

"ታዲያ እነዚህን ሁሉ ፎቶዎች በማንኪያ ነው ያነሳኸው?" አሉት። መርከቡ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

እስከዚህ ድረስ ልብስ ሰፊዋ በባሏ ኮርታ ለጎረቤት ስታወራ ሰነበተች። ችግሩ ክቡር ተቆጣጣሪ መንገድ ከያዙ መቆም አለማወቃቸው ነው። ቀጥለው የመጡት ጨዋ ባልና ሚስት ነበሩ። ቤታቸውን በቪዲዮ አዞሩ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ በድረ ገጹ ክፈሉ አሉ። እሳቸው ግን "ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርጉልኝ፣ ከጀርባው ግድግዳ መኖሩን ልይ" አሉ። ባልየው ገፋላቸው። "አሁን ደግሞ አልጋውን" ሲሉት ስልኩ ፊታቸው ላይ ተዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

"ስማኝ አንተ ሰው! የሰው ዕረፍት ተታሎ ነው የሚቀርበት። የእኔ ሳልታለል ሊቀር ነው!"

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ልግባልሽ?"

"እህቴ ትኬቷን ቆርጣለች! ዐይንህን ጨፍነህም ቢሆን ግባ!"

ክቡር ተቆጣጣሪ ስልካቸውን ይዘው ወደ ማጀት ገቡ። እሷም ተከተለችና በሩ ስር ቆመች፤ ለማዳመጥ አይደለም፣ በሩ ስር መቆም አምሯት ነው።

በስልኩ ብቅ ያሉት አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ባሕሩ ዳር ያለ ቤታቸውን ያከራያሉ። ሁለቱ የሚነጋገሩት ሁለቱም እኩል በማይችሉት ቋንቋ ነበር። ባልቴቷ ቤቱን አሳዩ፣ ወደ መንገድ ወጥተው የቤቱን ቁጥር አሳዩ፣ ቧንቧ ክፈቱ ሲባሉ ከፈቱ፤ ውሃው ተንፎለፎለ።

"ጨረስክ?" አሉ ባልቴቷ። "አሁን ተራው የእኔ ነው። አንተስ ማን ነህ?"

"እኔ? ተከራይ ነኛ!"

"ድረ ገጹ ያለው ፎቶህ ላይ ፀጉር አለ፤ አንተ ላይ የለም። አምና አንድ እንዳንተ ያለ ጠያቂ ቤቴን ተከራየኝና የራሱ አስመስሎ ለሌሎች አከራየው። ሦስት ቤተሰብ ከነሻንጣው ደጄ ላይ ተኮለኮለብኝ። በል፣ ያለህበት ቤት ያንተ ከሆነ ቧንቧህን ክፈተው!"

ክቡር ተቆጣጣሪ ቧንቧውን ከፈቱ። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። የዚያን ቀን በሰፈሩ ውሃ ጠፍቶ ነበር።

"ይኸው!" አሉ ባልቴቷ። "የሰው ቤት ገብተህ ነው!"

"እመቤቴ፣ በሞቴ! ውሃው ጠፍቶ ነው!"

"አጭበርባሪ ሁሉ እንዲህ ይላል።"

ስንቱን ተሳፋሪ "ይህንንማ ሁሉም ይላል" ብለው ያስወረዱ ሰው፣ የራሳቸው ማጀት ውስጥ ያለ ትኬት የተያዙ መንገደኛ መሰሉ። ላባቸው ተንቆረቆረ። መነጽራቸውን አወለቁና ሚስታቸው ሰምታው በማታውቀው ድምፅ እንዲህ አሉ፦

"እመቤቴ፣ ባለቤቴ እህቷን ካየች ዘመን ሆኗታል። ያላቸው ይቺው ሳምንት ናት። ደርሰው ቤቱ የለም ቢባሉ፣ ሁለቱ እዚያ መንገድ ዳር ሲያለቅሱ ይታየኛል። ሌሊት እንኳ ስተኛ ይታየኛል። ለዚህ ነው የማደርቅዎት። እኔማ ብቻዬን ብሆን የትም ወድቄ አድራለሁ።"

በሩ ስር ያለችው ልብስ ሰፊ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠረገች።

"ከበሩ ኋላ የምትነፋረቀው ማን ናት?" አሉ ባልቴቷ።

"ሚስቴ ትሆናለች።" ዞር አሉ። "እረ ባክሽ አትስሚ፣ ሂጂ!"

"አልሄድም!"

ባልቴቷ ሳቁ። "እውነተኛ ነህ፤ የውሸት ተከራይ እንዲህ ሚስቱን አይፈራም። በል በድረ ገጹ ክፈል። በቀጥታ ለእኔ ከላክህ አልቀበልህም!"

"በቀጥታ ላክ ቢሉኝማ እኔም እዘጋብዎት ነበር!"

ሳምንቱ ደረሰ፤ ቤቱም በቦታው ነበር። እህትማማቾቹ ደረጃው ላይ ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ሻይ ቀዱ። ታች በሩ ላይ ክቡር ተቆጣጣሪና ባልቴቷ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል። ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ተከራይ ጽፏል።

"ይሄ ሰው አልጣመኝም" ይላሉ እሳቸው።

"እኔንም! መልሱን አንተ ጻፍልኝ።"

ታላቅየዋ ከላይ ሆና አየቻቸውና አንገቷን ነቀነቀች። "ወይ አንቺ! ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው?"

"ቀላል የሆነ ባል አግብቼ ቢሆን" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ "ቤቱን በአንድ ቀን ይከራይልኝና እኔና አንቺ አሁን ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ነበር።"

ከዚያ ወደ ታች ተጣራች፦ "አንተ ሰው! ና እንጂ፣ ቀዳሁልህ እኮ!"