በእንተ ሃያ አምስቱ ጥቃቅን ፊደላት

በዘመነ ሐኪሟ፣ የቤቱ የበኩር ልጅ ዲግሪዋን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በሰቀለች በዘጠነኛው ዓመት፣ እናቲቱም ሰባኛ ዓመት ልደታቸውን ሊያከብሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የነገሩ ሁኔታ እንዲህ ነበረ። በምግብ ጠረጴዛው ላይ አዲስ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ተቀምጧል፤ በስተቀኙ ላፕቶፕ፣ በስተግራው ወፍራም ሰማያዊ ወረቀት ተከምሯል፤ የተቆረጠ ፊደል ግን አንድም የለም። የእናቲቱ የቀኝ ጆሮ ፈጽሞ አይሰማም፤ የግራው የሚሰማው ሲጮኹበት ብቻ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ጆሮ ነው። እመ ሦስቱ፣ የቤቱ ሕግ አውጪ፣ መስማት ከተሳናቸው ወዲህ ለእሳቸው የሚነገር ሁሉ አዋጅ ሆኗል፤ ጨው አነሰ ለማለት እንኳ እንደ ለፋፊ ደረትን ነፍቶ መነሣት ያስፈልጋል። ባለፈው ልደት ሐኪሟ የልቧን ቃል በግራ ጆሯቸው ብትጮኽ፣ እናቲቱ «አዎ፣ ነገም ይዘንባል» ብለው መለሱ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤት ግን ሁሉን ሰምታ «አሜን!» አለች። በእጇ ጽፋ እንዳትሰጥም የሐኪሟ የእጅ ጽሑፍ ከአንድ ፋርማሲስት በቀር ፍጥረት የማያነበው ነው፤ አንድ ጊዜ ሞክራ ካርድ ብትሰጣቸው፣ እናቲቱ አገላብጠው አይተው «ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሲሉ ጠየቁ። በስልክ የመጣ መልእክት ሁሉ የኩባንያ ነው ብለው ሳያነቡ ያጠፉታል፤ የታተመ ወረቀትም ማስታወቂያ እየመሰላቸው መስኮት ይወለውሉበታል።

ስለዚህ መዋዒተ ጉንፋን፣ ደምሳሲተ ትኩሳት ሐኪሟ፣ ቃሏን ከወፍራም ወረቀት ፊደል በፊደል ቆርጣ በካርድ ላይ ልትለጥፍ ማለች። ካርዱም በእናቲቱ የመነጽር ቤት የሚገባ ይሁን አለች፤ ትልቅ ከሆነ ግድግዳ ላይ ይሰቀላልና፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለም እንግዳ ሁሉ ያነበዋልና፣ ቃሉ ደግሞ የእናቲቱ ብቻ ነውና። የአንዱ ፊደል ቁመት ስምንት ሚሊሜትር እንዲሆን የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእርሷም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ በያጁ ወንድሟ፣ ብረት የሚንቀጠቀጥለት፣ ከነሜትሩና ከነአስተያየቱ፤ ጸጉር ሠሪዋ ታናሽ እኅቷ፣ ከቅንድብ መንቀያዋና ከማያልቀው ሳቋ ጋር፤ አንድ የጠረጴዛ መብራት፤ አንድ እግሩ ያነከሰ ወንበር፣ እርሱም በዘመቻው ሁሉ በያጁን ተሸክሞ የጸና።

ማሽኑም ተነሣ። ምላጩ የመጀመሪያይቱን ቃል ሊቆርጥ ቢገባ፣ ወረቀቱ በተዘረጋበት፣ ከማሽኑ ጋር በመጣው የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ሸሸ፤ አንዱ ፊደል አንገቱ ተቀነጠሰ፣ ሁለተኛው እግሩን አጣ፣ ሦስተኛውም ተሸብሽቦ ከምላጩ ላይ ተንጠለጠለ። በዚያን ጊዜ በያጁ ከወንበሩ ሳይነሣ አዋጅ አስነገረ፦ «ወገን ሆይ ስማ! አልቆርጥ ያለ ነገር ጫና አንሶት ነው። እኔ በር ስቆርጥ በሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ እንዴ? ጫኑት!» ተጫነም። ምላጩም ወረቀቱን እንደ እርሻ አረሰው፤ ከዚያ ከታረሰው ውስጥ የሚነበብ አልተገኘም። ታናሺቱም በተራዋ አወጀች፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወንድም ጋሼ ከዚህ የጫና ቁልፍ ሁለት ክንድ እንዲርቅ ታዟል። እትዬም ፊደሉን ታተልቅና ወደ እራታችን እንሂድ፤ ሕዝቡ ርቦታል!»

ሐኪሟ ግን ፊደሉን ማተለቅ እንቢ አለች፤ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሕመምተኛውን ማየት ይገባል ብላ፣ ጉሮሮ የምታይበትን ባትሪ አብርታ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጋ፣ ምንጣፉን በጎኑ መረመረች። ይህ ምንጣፍ ወረቀቱን አጣብቆ ሊይዝ የተሠራ ነው፤ በጣቷ ብትነካው ግን እንደ መስታወት አንሸራተታት። ጠርዙም ላይ ስስ የሆነ ላስቲክ አበራ።

ለዚህም ነገር ሥር አለው። በዚህ ቤት የጸና አንድ ሕግ አለ፣ እርሱም «የአዲስ ዕቃ ላስቲክ የላጠ ዕቃውን አስረጀ» የሚለው የእናቲቱ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስከ ዛሬ በላስቲኩ አለ፤ የሶፋው ክንድ እንግዳ በተደገፈው ቁጥር ይንጫጫል፤ ሚዛን ላይ የወጣም ክብደቱን ከላስቲኩ በታች ይገምታል። ሦስቱም ልጆች በዚህ አድገዋልና፣ ማሽኑ በመጣ ቀን የምንጣፉን ላስቲክ አይተው በአክብሮት አለፉት፤ የአጠቃቀሙ መመሪያም እንኳ ከነከረጢቱ በክብር ተቀምጦ ነበር።

ሐኪሟም ጥቂት ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ጠርዙን በጥፍሯ ያዘች። ሕግ አውጪዋ በቀጣዩ ክፍል በር ከፍተው ተቀምጠዋል። ላስቲኩ ጭርርርር ሲል በያጁ ዓይኑን ጨፈነ፤ ታናሺቱ ሳቋን በትራስ አፈነች፤ ጎረቤቲቱ ምን ተቀደደ ብላ ግድግዳውን ደበደበች። በዚያ ሁሉ ዙሪያ ያልሰሙት ባለ ሕጓ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ድሉ ቀና። ወረቀቱ ምንጣፉን ይዞ አልነቃነቅ አለ። ሐኪሟ የምላጩን ጫፍ በተጨማደደ ፎይል ደጋግማ ወግታ ከተጣበቀው የወረቀት ብናኝ አጸዳችው፤ ጫናውን ቀነሰች፤ ፍጥነቱን ዝቅ አደረገች፤ በአንድ መሥመር ላይም በኃይል አንዴ ከመሄድ በእርጋታ ሁለቴ ይመላለስ ብላ አዘዘች። ተቆርጦ ሲያበቃ ታናሺቱ ወረቀቱን ልትጎትት ቸኮለች፤ ሐኪሟም አወጀች፦ «እጅሽን ሰብስቢ! ወረቀት የጎተተ ፊደል ያጎብጣል። ግልብጥ አድርጉት፤ ወረቀቱ ይተኛ፣ ምንጣፉ እየታጠፈ ይሂድ!» እንደ ቃሏም ሆነ። በ«መ» ቤት ፊደሎች ዓይን ውስጥ የቀሩትን፣ ከሰሊጥ ያነሱትን ክቦች ግን ታናሺቱ በቅንድብ መንቀያዋ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ በያጁም መብራቱን ይዞ ትንፋሹን ዋጠ፣ ቢተነፍስ ፊደል ይበተናልና። ሃያ አምስቱም ፊደላት ጠርዛቸው ሳይቦጨቅ፣ አንዱም ሳይጎድል፣ በነጩ ካርድ ላይ ተሰለፉ።

በልደቱ ቀን ካርዱ ለእናቲቱ ተሰጠ፤ ማንም አልጮኸም። እናቲቱ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ማንንም ሳይጠይቁ እስከ መጨረሻው አነበቡ፦ «እማዬ፣ ሐኪም ሆኜም ስታመም የምፈልገው አንቺን ነው።»

ሰላም ለዓይንሽ፣ በጎን አይታ ላስቲኩን ላገኘችው፤ ሰላም ለጥፍርሽ፣ የበያጅ ልብ እንኳ የሚፈራውን ሕግ ለተዳፈረችው፤ ሰላም ለእጅሽ፣ በመጫን ፈንታ ማቅለልን ለመረጠችው፤ ሐኪም ሆይ፣ ትልቁን ቃል በትንሹ ፊደል ያደረሽ፣ ስምሽ ከዘመን ወደ ዘመን ይነገር።

እናቲቱም ሐኪሟን አጠገባቸው አስቀምጠው መዳፋቸውን በግንባሯ ላይ አኖሩ፤ አንድ ሙሉ ደቂቃም አቆዩት፤ ትኩሳት አልተገኘም።