ጋሽ ኮፈኖ ሰማያዊቱን መኪና ከሚዛን ያዳኑበት ዜና

ባትሪው በተተከለ በአምስተኛው ዓመት፣ የኋላው መስኮት ወርዶ አልመለስ ባለ በሁለተኛው፣ ዘመነ ዝገት በሚባለው ወራት፣ ክቡር ወልዑል ጋሽ ኮፈኖ፣ ጌታ መፍቻ፣ አባ ብሎን፣ ግማሽ ዕድሜያቸውን ከኮፈን ሥር አጎንብሰው በማሳለፋቸው ይህን ስም ከሰፈሩ የተቀበሉት ልብስ ሰፊ፣ ከሰማያዊቱ መኪናቸው ገብተው ቁልፏን ቢያዞሩ፣ እርሷ «ጠቅ» ብላ ዝም አለች።

ወእምዝ ባለቤታቸው ከደጃፉ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። ወንድሜ ብረት ገዢውን ይዞ እየመጣ ነው። እስኪደርሱ ይቺ መኪና ራሷን ችላ ከግቢው ርቃ ከሄደች ትኑር። ካልሄደች በኪሎ ትሸጣለች፤ እኔም ልብስ ማስጫ ቦታ አገኛለሁ።»

ይህን በሰሙ ጊዜ የጋሽ ኮፈኖ ፊት ካውያ እንደ ተረሳበት ሸሚዝ ጠቆረ፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ያመጣች እርሷ ነበረችና።

ሠራዊትም ተሰበሰበ፦ በቀኝ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከነመቀሱና ግማሽ ራሱ ከተላጨ ደንበኛው ጋር፤ በግራ ጡረተኛው የጭነት መኪና ሹፌር፣ የሞተርን ሕመም በጆሮው የሚለይ፣ ጆሮው ግን የከዳው፤ በመካከል አማቲቱ፣ ወንበራቸውን አስወጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው።

ሹፌሩ ፈረደ፦ «ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ተኝቷል። በመዶሻ ይቀስቀስ።» ተቀሰቀሰ፤ አልነቃም። ጸጉር አስተካካዩ ፈረደ፦ «የለም፣ እሳት ሰጪው ካንዴላ ነው። የአጎቴም መኪና ካንዴላ ነበር።» ደንበኛውም በበኩሉ አወጀ፦ «ካንዴላም ይሁን ሞተሪኖ፣ የቀረውን ራሴን የሚጨርስልኝ ሰው ይታወቅ።»

ጋሽ ኮፈኖ ግን፣ ጥበብ የተሞሉ ስለሆኑ፣ የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ቢያዞሩ መብራቱ እንቅልፍ እንደ ጣለው ሰው ዐይን ሲከደን አይተው፣ ኮፈኑንም ከፍተው፣ በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዱቄት አብቦ ቢያገኙት፣ ፍል ውሃ አስመጥተው፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው፣ ማሰሪያውን አጥብቀው፣ ዳግመኛ ቢያዞሩ፣ ሞተሩ «ግር ግር ግር» አለ፤ ሠራዊቱም እልል አለ፤ ነገር ግን እሳቱ አልያዘም። ግር ግሩም እየደከመ ሄዶ ጠፋ። አማቲቱ «እልልታው ይመለስልን» ብለው አወጁ።

በይእቲ ሰዓት የግፊ አዋጅ ወጣ። ከግቢው አስወጥተው እስከ መንገዱ ጫፍ ገፏት፤ ጋሽ ኮፈኖ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ቢለቁ እንደ እልኸኛ በቅሎ ተንገጫግጫ ቆመች። ወካዕበ መልሰው ገፏት፤ ወካዕበ ቆመች። ላቡ የደንበኛውን የተላጨ ጎን አቋርጦ ወዳልተላጨው ሲሻገር፣ ከመታጠፊያው ላይ ወንድምየውና ሚዛን የተሸከመ ብረት ገዢ ብቅ አሉ።

ያን ጊዜ ጋሽ ኮፈኖ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ሌባ መጣ በተባለበት ዘመን፣ እሳቱን የሚቆርጥ ስውር ማጥፊያ ከመቀመጫቸው ሥር ቀብረው ነበር። ሌባ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያትም፤ እርሳቸው ግን ማታ ማታ ይዘጉታል፣ ጠዋት ጠዋት ይከፍቱታል። ዛሬ አልከፈቱትም። ይህን ቢናገሩ፣ ሲገፋ የዋለው ሠራዊት በመኪናዋ ፈንታ እርሳቸውን ሚዛን ላይ እንደሚያወጣ አላጡትም።

ስለዚህ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አወጁ፦ «አንድ ግፊ ብቻ። ወደ ውስጥ የሚያይ አይኑር፤ ዐይን ሁሉ ወደ መንገድ።» ጫማ እንደሚያስር ሰውም ጎንበስ አሉ።

ሠራዊቱ ቢገፋ ሰማያዊቱ አስነጠሰች፣ ጭስ ለቀቀች፣ ተነሣች። ብረት ገዢው ሚዛኑን ከትከሻው ሳያወርድ ተመለሰ። ሹፌሩ «መዶሻዬ ዘግይቶም ቢሆን ሠራ» አለ፤ ጸጉር አስተካካዩ «ካንዴላው በግፊው ተስተካከለ» አለ፤ ጋሽ ኮፈኖ ግን ለሁሉም እጅ ነሱ።

ባለቤታቸው ብቻ አልገፉም ነበር። ከዳር ቆመው ያ ጎንበስ ማለት ወዴት እንደ ሄደ አይተዋል። ከፊት ወንበር ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦ «ትኑር፣ አዋጄን አላጥፍም። ከእንግዲህ ግን ከሥር ያለውን የምዘጋውም የምከፍተውም እኔ ነኝ። አንተ መሪህን ያዝ።»

እነሆ ስሙ ከፍ ይበል፣ ጠላት ሳይመጣበት ምሽግ የሠራ፣ በገዛ ምሽጉ ተከቦ የተራበ፣ ራሱን ማርኮ ራሱን ነጻ ያወጣ፣ ከድሉም በኋላ ባለቤቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ መሪውን ይዞ የሄደ ጀግና።